ዛሬም ተረሳኝ፦ ብቻውን ስለወደደ ሰው የተደረገ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ አንድ የስፓኒሽ ዘፈን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታገል ቆይቼ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ስለደረቅኩ እርዳታችሁን ፈልጌያለሁ። ዘፈኑ ሜክሲኳዊው ሁዋን ጋብርኤል በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ማሪያቺ ቫርጋስ ደ ቴካሊትላን ከተባለው የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ ቡድን ጋር ያስቀረጸው «ሴ ሜ ኦልቢዶ ኦትራ ቤስ» (በረቂቄ «እንደገና ረሳሁ» ያልኩት) የተሰኘው ባላድ ነው።

የሚያንጎራጉረው ሰው ተጥሎ የቀረ ነው። ወዳጁ ምናልባት እንደረሳችው ያውቃል፤ ቢሆንም ይጠብቃታል። ከተማውን አልለቀቀም፣ ከወትሮው ቦታቸው አልራቀም፣ የሚውለውም ከዚያው ከድሮው ሰው ጋር ነው፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ድንገት ብትመለስ ምንም ነገር እንግዳ እንዳይሆንባት ነው። እስከዚህ ድረስ የተለመደ የመለየት እንጉርጉሮ ነው። ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ግን ራሱን በራሱ ያቋርጣል። ያለ ልክ መመኘቱን ያምናል፤ መለያየታቸው ተዘንግቶት እንደነበር፣ እሷም እንደማትመለስ ይናገራል። ቀጥሎ አንድም ቀን ወዳው እንደማታውቅ ይጨምርና፣ የወደደው እሱ ብቻ መሆኑን እንደገና ረስቶ እንደነበር ተናግሮ ዝም ይላል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ተለያይተናል የሚል ሰው አንድ ወቅት አብሮ ነበር ማለት ነው። ፈጽሞ አልተወደድኩም የሚል ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ የሚለየው ነገር አልነበረውም። ታዲያ ይህ ዘፈን የሚያወራው ስለተቋረጠ ፍቅር ነው ወይስ ስለ አንድ ወገን ፍቅር?

ዘፈኑን የሰማሁት በቨርጂኒያ ሰሃን በማጥብበት የምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ምግብ አብሳይ ባልደረባዬ ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት ሲከትፍ ስልኩን ከቅመም መደርደሪያው ላይ ያቆምና ይህንኑ ዘፈን ይከፍታል። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ ቢላዋውን ጣውላው ላይ ያስቀምጣል። ሁልጊዜ እዚያው ስንኝ ላይ ነው።

ምላሾቹ

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና አመስግኖኝ ነገሩ የምለውን ያህል የተወሳሰበ እንዳልሆነ ጻፈ። በእሱ አስተያየት ዘፋኙ የተጠቀመበት ግሥ ሜክሲኮ ውስጥ ሁለት ፍቅረኛሞች መለያየታቸውን ለመናገር በየቀኑ የሚነገር ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው እንደነበሩ አያጠራጥርም። አልወደድሽኝም ማለቱ ደግሞ የተከፋ ሰው ሁሉ የሚናገረው ነው እንጂ ምስክርነት ተደርጎ የሚወሰድ አይደለም። ይህን አቋሙን እስከ ውይይቱ ማብቂያ አልለቀቀም።

2ኛው መላሽ ባላድ ማለቴን አረመኝ። ቫዮሊኑ፣ መለከቱ፣ ቪዌላ የምትባለው ትንሿ ጊታርና ጊታሮን የሚባለው ባለ ትልቅ ሆድ ባስ የማሪያቺ ጓዝ እንደሆኑና ዘፈኑም ራንቼራ፣ ማለትም የሜክሲኮ ባህላዊ ዘፈን፣ ተብሎ መጠራት እንዳለበት አስረዳ፤ በስፓኒሽ ባላዳ የሚባለው በዚያው ዘመን በፒያኖና በኦርኬስትራ ይዜም የነበረው እንደሆነም አከለ። እርማቱን ተቀብያለሁ፤ ይሁን እንጂ ሁዋን ጋብርኤል ሁለቱንም ሲያቀላቅል የኖረና በ1990 ማሪያቺውንና ብሔራዊውን ሲምፎኒ ይዞ ሜክሲኮ ከተማ በሚገኘው የቤያስ አርቴስ የኪነ ጥበብ አዳራሽ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ስለሆነ፣ ድንበሩን ለማስመር ከሁሉ የማይመቸው እሱ ይመስለኛል። የተከበረው አዳራሽ ለአዝማሪ ተከፈተ ብለው ያኔ የተቆጡም ነበሩ።

3ኛው መላሽ ትዝታን የመሰለ ቅኝት እያለን የሜክሲኮ ለቅሶ ምን ያደርግልናል ሲል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠየቀ። 4ኛዋ መላሽ ደግሞ ማንም ወደ ውድድር እንዳልጠራው፣ ማነጻጸር ካስፈለገም በወጉ እንዲያነጻጽር ነገረችው። ትዝታ የሚዘፍነው ሰው የሆነውን ነገር እያስታወሰ ሲኖር ይህኛው ሰው ያልሆነውን ነገር እየረሳ እንደሚኖር ጽፋ ተወችው። ሰውየው መልስ አልሰጠም፤ እኔ ግን ንጽጽሯን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ገልብጫታለሁ።

5ኛው መላሽ ዘፈኑ የተጻፈው ሁዋን ጋብርኤል ታስሮ በነበረበት በሌኩምቤሪ ወህኒ ቤት ውስጥ እንደሆነና የሚጠበቀውም ሰው ጠያቂ እንደሆነ በእርግጠኝነት ተናገረ። ሐሳቡ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን 6ኛው መላሽ ወዲያው አፈረሰው። ሁዋን ጋብርኤል በስርቆት ተከሶ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ታስሮ እንደነበር፣ ላ ፕሪዬታ ሊንዳ በሚል የመድረክ ስም የምትታወቀው ዘፋኝ እንደረዳችውና ንጽሕናው ታውቆ እንደወጣ፣ በ1971 «ኖ ቴንጎ ዲኔሮ» በተባለው ዘፈኑ ስሙ እንደተነሣ፣ የእኛው ዘፈን ግን ከዚያ ዓመታት ቆይቶ እንደመጣ አስረዳ። በዚያ ላይ፣ አለ 6ኛው፣ ዘፋኙ ከተማውን ላለመልቀቅ እንደመረጠ እየተናገረ ነው፤ እስረኛ ደግሞ አይመርጥም። 5ኛው ይቅርታ ጠይቆ ወጣ፤ በዚህ መድረክ ላይ ይህ ብርቅ ነው።

ውይይቱን ጥልቅ ያደረገችው ከማድሪድ የጻፈችው 7ኛዋ መላሽ ነበረች። ጽሑፏ ረጅም ነበር፤ ዋናውን ብቻ ላስቀምጥ። ሁዋን ጋብርኤል በ1950 ሚቾአካን በተባለው የሜክሲኮ ግዛት ውስጥ ፓራኩዋሮ በምትባል ቦታ ተወለደ፤ እውነተኛ ስሙ አልቤርቶ አጊሌራ ነው። ከአሥር ልጆች የመጨረሻው ነበር። አባትየው ከቤተሰቡ ሲለይ እናቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሲውዳድ ሁዋሬዝ ሄዱ፤ በሰው ቤት እየሠሩ ሁሉንም ማሳደግ ስላልቻሉ አምስት ዓመት ገደማ የሆነውን ትንሹን ልጅ ለሕፃናት ማሳደጊያ ሰጡት። እዚያ ዓመታት ኖረ። ሙዚቃንም የተማረው እዚያ ከነበረ ሁዋን ኮንትሬራስ ከተባለ አስተማሪ ነው፤ የመድረክ ስሙን ያበጀውም ከዚህ አስተማሪና ጋብርኤል ከተባለው አባቱ ስም ነው። 7ኛዋ መላሽ እንግዲህ እንዲህ ትጠይቃለች፦ ተመላሹ ሰው ፈልጎ እንዳያጣኝ ካለሁበት አልነቃነቅም ማለትን አንድ ሰው የሚማረው የት ነው? ፍቅረኛውን ሲጠብቅ ነው ወይስ በአምስት ዓመቱ፣ እሁድ እሁድ በር በሩን ሲያይ?

9ኛው መላሽ በቁጣ ተነሣባት። (8ኛው የዘፈኑን ማስፈንጠሪያ ብቻ የለጠፈ ነው።) ዘፋኙ ለእናቱ የጻፈው ሌላ ዘፈን እንደሆነና እሱም ስፔናዊቷ ዘፋኝ ሮሲዮ ዱርካል በ1980ዎቹ ያስተዋወቀችው «አሞር ኤቴርኖ» እንደሆነ አስታወሳት። ለእናት ተለያየን አይባልም፤ ሕፃን ልጅም ብቻዬን ወደድኩ አይልም፤ የሰውን የሕይወት ታሪክ እያነበቡ ዘፈኑን መተርጎም ደግሞ የሰነፍ ሥራ ነው ሲል ደመደመ። የመጨረሻው ቃል ባይጨመር ኖሮ ክርክሩ የተሻለ መንገድ ይይዝ ነበር። 10ኛው ምላሽ የራሷ የ7ኛዋ ነው፤ እሷም ዘፈኑ ለእናት ተጻፈ አለማለቷን፣ ያለችው ሰውየው መጠበቅን ከየት እንደተማረ ብቻ መሆኑን፣ ለመቆጣት የቸኮለ ሰው ግን ሁለቱን መለየት እንደማይችል መለሰች። እኔ የእሷ ወገን ነኝ። ሰው ፍቅረኛውን የሚጠብቀው ልጅ ሳለ መጠበቅ በተማረበት መንገድ ነው፤ ይህ ደግሞ ዘፈኑን ለእናት አያደርገውም።

11ኛው መላሽ ስለ ሁዋን ጋብርኤል ምንም እንደማያውቅ በማስቀደም ጀመረ። ከብራዚል ተነሥቶ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ በጓቴማላ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ታፓቹላ ወደተባለች የሜክሲኮ ከተማ ሲደርስ፣ ለማለፍ የሚያስችለውን ወረቀት ለወራት ጠብቋል። ጠዋት ጠዋት ተሰልፎ ሲውል ቆይቶ ከቀትር በኋላ በገበያው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቶርቲያ የተባለውን ቂጣ ከሚጋግሩ አንዲት ባልቴት ዘንድ ይቀመጥ ነበር። ባልቴቷ እጃቸው በሊጥ ስለሚያዝ፣ ይህ ዘፈን በራዲዮ ሲመጣ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ በአገጫቸው ይጠቁሙታል። ቋንቋውን ስላልለመደ ከዘፈኑ መጀመሪያ የገባው ያው ከተማ፣ ያው ሰው የሚለው ክፍል ብቻ ነበር፤ ያ ደግሞ ስለ እሱ የተዘፈነ መስሎት እንደነበር ጻፈ። የመጨረሻውን ስንኝ ትርጉም ያወቀው ከዓመታት በኋላ ዴንቨር ታክሲ እየነዳ ሳለ ነው፤ ያኔም መንገድ ዳር ቆሞ ደግሞ አዳመጠው።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ከመስመሩ ወጣ። 12ኛው መላሽ ወረቀቱ ስንት ወር እንደፈጀ፣ 13ኛው ደግሞ ዛሬም ያ መንገድ ክፍት መሆኑን ጠየቁ፤ 14ኛው መድረኩ የጉዞ ወኪል እንዳልሆነ አሳሰበ። ከሎስ አንጀለስ የጻፈው 15ኛ መላሽ ሁዋን ጋብርኤል ነሐሴ 2016 ኢንግልውድ ውስጥ የመጨረሻውን ዝግጅት ባቀረበበት ምሽት ከአዳራሹ ውጪ መኪና ያቆም እንደነበር አወጋን። ሕዝቡ እየዘፈነ ወጣ፤ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶም በር ሳይዘጋ ይዘፍን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ዘፋኙ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ማረፉን በስልኩ ላይ ሲያነብ፣ የዚያን ምሽት የማቆሚያ ቲኬት ጉርድ ገና ከኪሱ አልወጣም ነበር።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን፣ የለጠፍኩትን ረቂቅ ያነበበው 16ኛው መላሽ ነው። ትርጉሜን ከመነሻው እስከ መድረሻው በ«አንቺ» ለምን እንደሠራሁት ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር አላሰብኩበትም ነበር። የስፓኒሹን ግጥም ስንኝ በስንኝ ብትፈትሹት ተወዳጁ ወንድ ይሁን ሴት የሚያሳይ አንድም ቃል አታገኙበትም፤ የእኛ ግሥ ግን ያለ ጾታ አይንቀሳቀስም፤ «ወደድኩህ» ወይም «ወደድኩሽ» ከማለት ሌላ በር የለውም። 17ኛው መላሽ ወንድ ከዘፈነ ለሴት መሆኑ ግልጽ ነው ብሎ ለመዝጋት ሞከረ። 18ኛዋ ሁዋን ጋብርኤል በ2002 በቴሌቪዥን ስለ ግል ሕይወቱ ተጠይቆ የሚታይ ነገር አይጠየቅም የሚል መልስ መስጠቱን አስታውሳ፣ ሰውየው ራሱ ክፍት የተወውን በር እኛ የምንቆልፍበት ምክንያት እንደማይታያት ተናገረች። ከዚያ በኋላ በ17ኛውና በ18ኛዋ መካከል የተደረገውን እዚህ አልደግመውም፤ ስለ ዘፈኑ አልነበረም።

በዚህ መሐል 19ኛው መላሽ ተወዳጁን «እርስዎ» በማለት ከጾታ እንድናመልጥ ሐሳብ አቀረበ። 20ኛው ደግሞ «ወደውኝ አያውቁም» የሚል ሰው አማቱን የሚከስ እንጂ በፍቅር የተጎዳ እንደማይመስል፣ ማመልከቻው ላይ ማኅተም ብቻ እንደጎደለው ጻፈ። ሲሰዳደቡ የነበሩት ሁለቱም ሳቁ፤ ውይይቱም ረገበ። 21ኛው መላሽ ማና የተባለው የጓዳላሃራ የሮክ ባንድ ይህንኑ ዘፈን በ1999 በጊታር ሲጫወተው ጾታ የሚለይ ቃል መቀየር እንዳላስፈለገው ጨመረ፤ እውነት ነው፣ ለስፓኒሽ ዘፋኞች ችግሩ ጨርሶ የለም።

ቀጥለው የመጡት አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዘመን አማርኛ ያስተማሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባል ናቸው። እሳቸው ስፓኒሽ አይችሉም፤ ስለዚህ የርዕሱን ቃላት አንድ በአንድ እንድፈታላቸው ጠየቁኝና በ22ኛው ተራ ፈታሁላቸው። ስፓኒሹ ረሳሁ አይልም፤ መርሳቱን የዘፋኙ ሥራ ሳያደርግ፣ ነገሩ በራሱ ከእሱ እንደወጣ አድርጎ ነው የሚናገረው። ጋሼ በ23ኛው ምላሽ ረቂቄ ውስጥ ያለውን «ረሳሁ» ሰርዤ «ተረሳኝ» እንድል መከሩኝ። «ረሳሁ» ያለ ሰው ጥፋቱን ይወስዳል፤ «ተረሳኝ» ያለ ሰው ግን ነገሩ ከእጁ እንዳመለጠው፣ እሱም እንደማንኛችን ተመልካች እንደነበረ ይናገራል። አማርኛና ስፓኒሽ እዚህች ላይ እንዲህ መገጣጠማቸው እሳቸውን ደስ አሰኛቸው፤ እኔን አሳፈረኝ፣ ምክንያቱም ሁለት ሳምንት ሙሉ ስፈልገው የነበረው ቃል በየቀኑ አፌ ላይ ያለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምላሾቹ ሁሉ በቃላት ላይ ሆኑ። 24ኛዋ መላሽ ዘፋኙ የመረጠው ግሥ መፈለግንም መውደድንም የሚይዘው ስለሆነ «አፈቀርኩ» ከማለት «ወደድኩ» ማለት እንደሚቀርበው አስረዳች፤ ማፍቀር በስፓኒሽ ሌላ ከበድ ያለ ግሥ አለው። 25ኛው «እንደገና» የሚለው ቃሌ ደረቅ መሆኑን፣ ፋብሪካ ውስጥ ተበላሽቶ የተጠገነ ዕቃ እንደሚያስመስለው ተናግሮ «ደግሞ» እንድል ጠየቀ። 4ኛዋ መላሽ ተመልሳ መጣችና በ26ኛው ተራ «ዛሬም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ጻፈች። «ዛሬም» ሲባል ትናንትም እንደነበረ ይታወቃል፤ ነገም እንደሚኖር ይሸተታል። በዘፈኑ ውስጥ የሚያመኝ ቃል ይኸው ነው። ሰውየው አለመወደዱን ያወቀው አንድ ቀን አይደለም፤ ባወቀ ቁጥር ይረሳዋል፣ በረሳ ቁጥር የወትሮው ቦታ ሄዶ ይቀመጣል፣ ተቀምጦም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቀዋል።

የመነሻ ጥያቄዬን ያስታወሰው 27ኛው መላሽ ብቻ ነበር። እሱ እንደሚለው ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አይጣሉም፤ ሁለት ሰዎች አብረው በልተው፣ አብረው ሄደው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጥንዶች ብሎ ሲጠራቸው ኖረው ከመካከላቸው የወደደው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ግንኙነት ሲያበቃ መለያየቱ የሁለቱ ነው፤ የሚጠብቀው ግን አንዱ ነው። ስለራሱ ሦስት ዓመት የሚያህል ነገር በሁለት መስመር ጠቀሰ፤ እሱን እዚህ አልገለብጠውም። የመጀመሪያው መላሽ በ28ኛው ተራ አሁንም አልተስማማም፤ አብሮ የኖረን ሰው አልወደደችኝም ማለት የተከፋ ሰው የበቀል ንግግር እንደሆነ በድጋሚ ጻፈ። እኔ ወደ 27ኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም የሚበቀል ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሁዋን ጋብርኤል ግን ያንን ስንኝ ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ አድርጎ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ቤት ውስጥ መርሳቱን ሲናገር በሚሰማ ድምፅ ነው የሚለው።

ጾታውን በተመለከተ 29ኛው መላሽ ያቀረበውን ተቀብያለሁ። ግሡን ወደ ስም በመለወጥ ተወዳጁን ከስንኙ አወጣውና ፍቅሩን ብቻ አስቀረው፦ ፍቅሩ የእኔ ብቻ እንደነበረ ዛሬም ተረሳኝ። «አንተ»ም «አንቺ»ም የለበትም። ጋሼ አንድ ነገር እንደጎደለው፣ የሚናገሩት ሰው ከፊት ካልቆመ ንግግሩ ለራስ እንደሚሆን ተናግረው ቅር እንዳላቸው አልሸሸጉም። ልክ ናቸው። ነገር ግን የሚጠብቀው ሰው ለራሱ እየተናገረ መሆኑን የሚያውቀው እዚያች ስንኝ ላይ አይደለምን?

30ኛው መላሽ ስለ ባልደረባዬ ጠየቀ፦ ቢላዋውን ለምን እንደሚያስቀምጥ ጠይቄው እንደሆነ። አልጠየቅኩትም ነበርና ባለፈው ቅዳሜ ጠየቅኩት። ሳቀብኝና ዘፈኑ እዚያ ላይ ሲደርስ ሽንኩርቱ ስለሚያልቅ እንደሆነ፣ ሌላ ምክንያት እንደሌለው ነገረኝ። ይህንኑ ለመድረኩ አሳወቅኩ፤ ብዙዎች ሳቁ፤ 17ኛው መላሽ እንኳን ሳቀ። ትናንት ማታ ግን ሰሃን እያጠብኩ ዘወር ብዬ አየሁ፤ የመጨረሻው ስንኝ ደርሶ ቢላዋው ጣውላው ላይ ሲያርፍ፣ ከጎኑ ያልተላጡ ሦስት ሽንኩርቶች ነበሩ።